ኤርታሌን በቅርብ ለማየት ለሚሄዱ

በአፋር ክልል የሚገኘውን፣ 613 ሜትር ከፍታ ያለውን የኤርታሌን እሳተ ገሞራ ለመጎብኘት የሚመቸው ሙቀቱ ጋብ የሚልበት ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ወቅት ሲሆን፣ ከመቀሌም ሆነ ከሰመራ ቢነሱ መንገዱን የሚያውቅ የአፋር ተወላጅ መሪ ሳይዙ መሄድ የማይታሰብ ነው። ተራራው ጠባዩን ስለሚለዋውጥ (እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ጎኑ ተሰንጥቆ ቅልጥ ዐለት ሲፈስ፣ በአፉ ውስጥ የነበረው የቅልጥ ዐለት ሐይቅ ወደ ታች ወርዶ ነበር) ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት በቅርቡ ከስፍራው የተመለሰ ሰው ምን እንዳየ ይጠይቁ፤ የማስታወቂያው ፎቶግራፍ የቆየ ሊሆን ይችላልና።

ቀን ላይ ጥቁሩ ድንጋይ ስለሚግል ወደ አፋፉ የሚወጣው ከመሸ በኋላ ነው፤ ፍሙም የሚደምቀው በጨለማ ነው። የግንባር ባትሪ፣ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ፣ ረጅም ሱሪና በቂ ውሃ ይያዙ። የቆዳ ጓንት ትርፍ ነገር ቢመስልም፣ አዲስ የረጋው ቅልጥ ዐለት ላዩ እንደ ቀጭን መስተዋት፣ ውስጡ ባዶ በመሆኑ ከእግር ሥር እየተንኮሻኮሸ ይሰበራል፤ የወደቀ ሰው በእጁ ሲደገፍ ስብርባሪው መዳፉን ይቆርጠዋል። ስለዚህ መሪው የረገጠበትን ብቻ ይርገጡ።

አፋፉ ላይ ነፋሱን ከጀርባዎ አድርገው ይቁሙ። የድኝ ጋዙ ጉሮሮዎን መከርከር ከጀመረ፣ ፎቶግራፍ እያነሱም ቢሆን ወዲያውኑ ይራቁ፤ አስም ላለበት ሰው ግን ጉዞውን ጨርሶ አልመክርም። ጠርዙ ከሥሩ የተቦረቦረ ሊሆን ስለሚችል፣ መሪው ካቆመዎት ቦታ አንድ እርምጃ እንኳ አይለፉ።