ምርጫ ሲደርስ ዶርም ውስጥ የምንሳሳታቸው ነገሮች (ጅማ ካየሁት)

በ2013ቱ ምርጫ ሰሞን ጅማ ተማሪ ነበርኩ። ምርጫው መጀመሪያ ነሐሴ 2012 ነበር የተባለው፣ ኮሮና መጣና ተራዘመ፣ ከዛ ግንቦት ተባለ፣ ከዛ ሰኔ 14 ሆነ፣ እኛ ደሞ ያን ሁሉ ጊዜ ስንከራከር ከረምን። ዶርማችን ስድስት ነበርን። ሁለቱ ልጆች ተጣልተው አስራ ምናምን ቀን ተኮራረፉ። ያኔ የት ጋ እንደተሳሳትን አልገባኝም፣ አሁን ሳስበው ግን ቁልጭ ብሎ ይታየኛል።

መጀመሪያ "እናንተ" ማለት። ከሁሉ የከፋው ይሄ ነው። አንደኛው ልጅ ከአጋሮ ነው አንደኛው ከደሴ፣ ሁለቱም የወርቅ ልጆች። ክርክሩ የተነሳው በዘይት ነው፣ አዎ በምግብ ዘይት! ዘይት ተወደደ ከሚል ወሬ ተነስቶ ማን ይመረጥ ጋ ደረሰ፣ እስከዛ ድረስ "አንተ እኮ ባለፈው እንዲህ ብለሃል" እየተባባሉ በሰላም ነው የሚሄዱት። ከዛ አንዱ "እናንተ ድሮም" አለ። (የቱ እንደሆነ አልናገርም፣ እሱን ይዛችሁ ሌላ ክርክር ትጀምራላችሁ።) በቃ፣ ምኒልክም አባ ጅፋርም መጥተው አልጋችን ላይ ተቀመጡ። ሰው በ"አንተ" ለተነገረው ነገር መልስ አያጣም፣ "እናንተ" ስትለው ግን እሱ ያልነበረበትን፣ አያቱ እንኳን ያላየውን ነገር ምን ብሎ ይመልስልህ? ቃሉ አፍህ ላይ ሲመጣ ውሃ ጠጣበት።

ሌላው አሰራሩን ሳያውቁ መከራከር። እኔ ራሴ ሶስተኛ አመት ደርሼ ካርድ ሳወጣ ጠቅላይ ሚኒስትር የምመርጥ ይመስለኝ ነበር። የምትመርጠው የምርጫ ክልልህን ተወካይ ነው፣ ምክር ቤቱ 547 ወንበር አለው፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ከአባላቱ መሃል የሚመርጠው እሱ ነው። ደሞ አንድ ተወዳዳሪ ከሌሎቹ በለጠ ማለት አለፈ ማለት ነው፣ ግማሽ ድምፅ ካላገኘ አይባልም። አምስት ሰው ተወዳድሮ አንዱ 30 ከመቶ ቢያገኝና ሌሎቹ ከሱ ቢያንሱ ወንበሩ የሱ ነው፣ 70 ከመቶው ሰው ባይመርጠውም። ይሄን ሳናውቅ አንድ ማታ ሙሉ በወንበር ቁጥር ተጨቃጨቅን። አንዱ በ2007 ኢህአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ይዘዋል፣ ህዝቡ ፈቅዶ ነው ይላል፣ ሌላው በ1997 ከ150 በላይ ወንበር ለተቃዋሚ የሰጠ ህዝብ በአስር አመት ውስጥ አንድ ሰው ሳይቀር ሀሳቡን ቀየረ በለኛ ይለዋል። ሁለቱም የያዙት ቁጥር ልክ ነው እኮ፣ ግን ወንበር የሰው ቁጥር አይደለም፣ ይሄን የሚላቸው ጠፋ። የአጋሮው ልጅ ደሞ ኦፌኮና ኦነግ (ሁለቱ የኦሮሞ ተቃዋሚ ፓርቲዎች) በምርጫው በሌሉበት እኛ ጋ ማን ከማን ነው የሚወዳደረው ሲል ጥያቄው የምር ነበር፣ እኛ ግን ስድብ አድርገን ሰማነው።

ምርቃና ላይ ሆኖ መከራከር። ጅማ ነው ያለነው፣ አንደባበቅ። ሲመረቅን ሁሉም የህገ መንግስት ሊቅ ነው፣ ማታ ደሞ እንቅልፍ የለም፣ ስለዚህ ክርክሩ አያልቅም።

ሲሞቅ ቋንቋ መቀየር ደሞ አለ። አንዱ ወደ ኦሮምኛ ዞሮ ከጎኑ ላለው ልጅ የሆነ ነገር ይላል፣ ይስቃሉ፣ የደሴው ልጅ የተሰደበ ይመስለዋል። በኋላ ስጠይቅ ለካ "ራት ሳይዘጋ እንሂድ" ነው ያሉት። በሌላ በኩል ደሞ "በአማርኛ አውራ!" ብሎ መጮህ እሳቱ ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ነው፣ ልጁ ያለው እዚሁ የገዛ አገሩ ላይ ነው እኮ። "ምን አልክ?" ብለህ ቀስ ብለህ ጠይቅ፣ ይነግርሃል።

ክርክሩን በስልክ ቀድቶ ቴሌግራም ላይ ስለመልቀቅ ብዙ አልልም፣ ነውር ነው። ነውሩ ካልገባህ አዋጅ 1185/2012 አለ፣ የጥላቻ ንግግር ስታሰራጭ ያስቀጣል፣ "እኔ አልተናገርኩም ሼር ነው ያደረግኩት" ማለት ላያድንህ ይችላል።

የመጨረሻው ቶሎ ለማስታረቅ መሯሯጥ። እኛ አራታችን በሁለተኛው ቀን ፈረንጅ አራዳ ሻይ ጋብዘን ካልተቃቀፋችሁ አልን፣ ተቃቀፉ፣ ዶርም ስንገባ ባሰባቸው። የአጋሮው ልጅ እናቱ የላከችለትን ቡና እሁድ እሁድ ያፈላልን ነበር፣ ተኳርፈውም አላቋረጠም። ስድስት ሲኒ ይቀዳል፣ የደሴውን ልጅ ድርሻ ምንም ሳይለው አልጋው ጠርዝ ላይ ያስቀምጣል፣ ያም ምንም ሳይል ይጠጣና ሲኒውን አጥቦ ይመልሳል። በሁለተኛው እሁድ አንዴ ፉት አለና ሲኒውን አየት አድርጎ "ቀጥኗል" አለ።

"አንተ አፍላው ታዲያ" አለው።