በሚላኖው «የመጨረሻው እራት» ፊት የሚሠሩ ስህተቶች

ያለ ቅድመ ምዝገባ ሚላኖ መሄድ የመጀመሪያው ስህተት ነው። የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ሥዕል የሚገኘው በሳንታ ማሪያ ዴሌ ግራትሲዬ ገዳም የመነኮሳት መመገቢያ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ነው። ሰኞ ዝግ ነው፤ በሌላውም ቀን የሚገባው ሰው ጥቂት ነው፤ የገባውም የሚቆየው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። እንግዶች ይዤ ስሄድ፣ ከሌላ ከተማ በሌሊት ባቡር መጥተው በሩን ተሳልመው የተመለሱ ቤተሰቦችን አይቻለሁ፤ ያሳዝናል። ስትገቡ ስልካችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉት።

ሁለተኛው ስህተት ሳሎናችን የተሰቀለውን ደማቅ ኅትመት በልብ ይዞ መግባት ነው። «ይህን ያህል ደብዝዟል እንዴ?» የማይለኝ እንግዳ የለም። አዎን፣ ደብዝዟል፤ ምክንያቱም አለው። የግድግዳ ሥዕል የሚጸናው ልስኑ ሳይደርቅ ሲቀባ ነው፤ ቀለሙ ከኖራው ጋር አብሮ ይደርቃልና። ይህ ግን ፈጣን እጅ ይፈልጋል፤ የዕለቱ ልስን ከደረቀ በኋላ ማረም አይቻልም። ሊዮናርዶ እያሰላሰለ፣ እየደራረበ፣ እያረመ መሥራት ስለፈለገ በደረቅ ግድግዳ ላይ ቀባው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1495 እስከ 1498 ለመስፍኑ ለሉዶቪኮ ስፎርዛ የሠራው ሥዕል ገና እርሱ በሕይወት ሳለ መላላጥ ጀመረ። በ1652 መነኮሳቱ ግድግዳውን ቀድደው በር ሲያወጡ የጌታን እግሮች ቆረጡ። በነሐሴ 1943 አዳራሹ በቦምብ ሲፈርስ ሥዕሉ በአሸዋ ከረጢት ተሸፍኖ ተረፈ። ከ1978 እስከ 1999 በሥዕል ጠጋኟ በፒኒን ብራምቢላ ባርቺሎን መሪነት፣ ሌሎች በየዘመኑ የደረቡበት ቅብ ተነሣ፤ ፈጽሞ የጠፋው ቦታ በሣሣ የውኃ ቀለም ብቻ ተሞላ። ስለዚህ የምታዩት የእርሱ እጅ የተረፈው ነው። እባካችሁ «ለምን አያድሱትም» አትበሉ።

ሦስተኛው ከእኛው ቤት የመጣ ስለሆነ በፍቅር ነው የማርመው። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ጻድቃን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች በጎን በአንድ ዓይን ይሣላሉ። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት በግራ ጫፍ ወደቆመው ሰው እያመለከቱ፣ «ልጄ፣ ይሁዳ ያውልህ፤ አንድ ዓይኑ ነው የሚታየው» አሉኝ። ያ ሰው በርተሎሜዎስ ነው። ጴጥሮስም፣ ማቴዎስም፣ በቀኝ ጫፍ ያለው ስምዖንም በጎን ናቸው፤ በዚያ ሕግ ብንሄድ ማኅበረ ሐዋርያትን ግማሽ በግማሽ እንኮንናለን። የእርሳቸው ዓይን ግን የሠለጠነ ነው፤ የሚያስፈልገው ወደ እጆቹ መውረድ ብቻ ነው።

ከጌታ በስተግራችን ሦስተኛው ሰው ይሁዳ ነው። ፊቱ ጥላ ውስጥ ነው፤ ቀኝ እጁ የገንዘብ ከረጢት ጨብጧል፤ ግራ እጁ ከጌታ እጅ ትይዩ ወደ ማዕዱ ተዘርግቷል። በጥንቶቹ ቅጂዎች ክንዱ የደፋው ጨው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከጀርባው ጴጥሮስ ቢላዋ ይዟል፤ በዚያች ሌሊት የማልኮስን ጆሮ የሚቆርጥ ሰው ነው። ከሊዮናርዶ በፊት ፍሎረንስ ውስጥ ይህንኑ እራት የሣሉት ሠዓሊዎች፣ ካስታኞ በ1447፣ ጊርላንዳዮም በ1480 ይሁዳን ብቻውን ከማዕዱ ወዲህ አስቀምጠውት ነበር። ሊዮናርዶ ከወንድሞቹ መካከል አስገባው፤ «ከእናንተ አንዱ አሳልፎ ይሰጠኛል» የሚለው ቃል ሲወጣ ሁሉም የሚደነግጠው ከመካከላቸው ማን እንደሆነ ስላላወቀ ነው።

አራተኛውን ስሰማ ትዕግሥቴ ያልቃል፦ «ከጌታ አጠገብ ያለችው ማርያም መግደላዊት ናት።» አይደለችም! ወጣቱ፣ ጢም የሌለው ዮሐንስ ነው። በካስታኞም በጊርላንዳዮም ሥዕል እንዲሁ ነው፤ በእኛም የስቅለት ሥዕሎች ከመስቀሉ ሥር የሚቆመው ዮሐንስ አብዛኛውን ጊዜ ጢም የለውም። ቁጠሩ፤ ከጌታ ጋር 13 ናቸው። እርሷ ከሆነች ዮሐንስ የት ሄደ? ከዚህም በላይ የዮሐንስን ወንጌል ምዕራፍ 13 ግለጡ፦ ጴጥሮስ ስለማን እንደተናገረ እንዲጠይቅለት ጌታ ይወደው ለነበረው ደቀ መዝሙር ይጠቅሰዋል። በግድግዳው ላይ ጴጥሮስ ትከሻውን ይዞ ጆሮው ላይ የሚያጎነብሰው ለዚሁ ነው። ወንጌሉን ከልጅነቱ ሲሰማ ያደገ ሰው ከበይነ መረብ በለቀመው ወሬ ተይዞ ይህን ሳያይ ሲወጣ ያንገበግበኛል። ዮሐንስን ካነሣችሁት የጴጥሮስ ጥያቄ ይጠፋል፤ ጥያቄው ከጠፋ የዚያ የማዕዱ ክፍል ሁሉ ትርጉም የለውም።

ትልቅ የወርቅ ጽዋ አትፈልጉ፤ በማዕዱ ላይ ያሉት ትናንሽ ብርጭቆዎች ናቸው።

ደግሞ ሳትዞሩ አትውጡ። በተቃራኒው ግድግዳ ዶናቶ ሞንቶርፋኖ በ1495 የሠራው ስቅለት አለ። በእርጥብ ልስን ላይ ስለተሠራ ቀለሙ ዛሬም ይታያል። በዚያው ሥዕል ግርጌ በደረቁ ልስን ላይ የተጨመሩት የስፎርዛ ቤተሰብ ምስሎች ግን ጠፍተው ሊያልቁ ነው፤ ቀርባችሁ ስታዩ ሁለቱን አሠራሮች በአንድ ግድግዳ ላይ ታነጻጽራላችሁ።