የድሮ ዘፈን ሥር ስትፈልጉ የሚያሳስቷችሁ ነገሮች

ዘፈኑ ከየት መጣ ብሎ የሚነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሸክላው ላይ የተጻፈውን ስም ነው። የመጀመሪያው ስህተት ይህ ነው። ስሙ መብቱን ማን እንደያዘ እንጂ ዘፈኑ ከየት እንደመጣ አይነግራችሁም። «ዘ ሀውስ ኦፍ ዘ ራይዚንግ ሰን»ን ውሰዱ። የእንግሊዙ ባንድ ዘ አኒማልስ በ1964 (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሲያወጣው በአቀናባሪነት የሰፈረው የአንዱ አባል፣ የአለን ፕራይስ፣ ስም ብቻ ነበር። ዘፈኑ ግን የባንዱን አባላት በዕድሜ ይበልጣቸዋል።

ሁለተኛው ስህተት የመጀመሪያውን ሸክላ እንደ መነሻ መቁጠር ነው። ይህንኑ ዘፈን አሜሪካውያኑ ሙዚቀኞች ክላረንስ አሽሊ እና ግዌን ፎስተር በ1933 አስቀርጸውታል። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ «አገኘሁት!» ብሎ ያቆማል። ግጥሙ ግን በ1925 መጽሔት ላይ ወጥቶ ነበር። በ1937 ደግሞ የሕዝብ ዘፈን ሰብሳቢው አለን ሎማክስ በአሜሪካዋ ኬንታኪ ግዛት ውስጥ፣ ሚድልስቦሮ ከተማ፣ ጆርጂያ ተርነር ከምትባል የማዕድን ሠራተኛ ልጅ ቀረጸው። ገና 16 ዓመቷ ነበር። ዘፈኑን ለእኛ ያደረሱት እንደ እሷ ያሉ ሰዎች ናቸው። ስማቸውን ዘሎ ማለፍ፣ ለእኔ፣ ዓመት ከመሳሳት ይብሳል።

ግጥምና ዜማን አንድ ላይ መፈለግም ያሳስታል። ሁለቱ የተለያየ ዕድሜ ሊኖራቸው ይችላል። «አሜዚንግ ግሬስ» የተባለው መዝሙር ግጥም የእንግሊዛዊው ቄስ የጆን ኒውተን ነው፤ የታተመው በ1779። ዛሬ ከምናውቀው ዜማ ጋር ያጣመረው ግን አሜሪካዊው የመዝሙር መጽሐፍ አዘጋጅ ዊልያም ዎከር ነው፣ በ1835።

ዜማ ስለተመሳሰለ ብቻ ዘመድ ነው አትበሉ። በአምስት ድምፅ ቅኝት የተሠሩ ዜማዎች ሳይተዋወቁም ይመሳሰላሉ። አንዱ ወደ ሌላው የተሻገረበትን መንገድ ፈልጉ፦ ማን ከማን ሰማው? የት?

የመጨረሻው ስህተት ሰው ይጎዳል። «የሕዝብ ዘፈን ነው» የሚለውን ሳያጣሩ መቀበል። ደቡብ አፍሪካዊው ሰለሞን ሊንዳ «ምቡቤ»ን በ1939 ጆሃንስበርግ ውስጥ አስቀረጸ። አሜሪካ ሲደርስ ግን ባለቤት እንደሌለው የሕዝብ ዜማ ታየ። በ1961 «ዘ ላየን ስሊፕስ ቱናይት» ተብሎ ዓለምን አዳረሰ። ሊንዳ በ1962 በድህነት ሞተ። ልጆቹ የሚገባቸውን ክፍያ በስምምነት ያስከበሩት በ2006 ነው። ስለዚህ «ደራሲው አይታወቅም» የሚል ስታነቡ፣ ይህን የጻፈው ማን እንደሆነና ዘፈኑ በመጣበት አገር ጠይቆ እንደሆነ አጣሩ።