ጠዋት ለሚደርቁ ጣቶች፦ የሩዝ ካልሲ

ቁርጥማት ያለባችሁ ሰዎች የሐረርን የጠዋት ቅዝቃዜ ታውቁታላችሁ። ጣት ድርቅ ይላል፣ የጀበና እጀታ እንኳ አልጨበጥ ይላል። እስቲ ይቺን ሞክሯት።

ሁለት የሻይ ብርጭቆ ጥሬ ሩዝ ደረቅ መጥበሻ ላይ፣ በመለስተኛ እሳት እያማሰላችሁ አሙቁ። ውሃም ዘይትም አይንካው። ወፍራም የጥጥ ካልሲ ውስጥ ገልብጡና አፉን ቋጥሩት። የናይለን ካልሲ ሊቀልጥ ስለሚችል ተዉት። መጀመሪያ በክንዳችሁ የውስጥ ገጽ ሞክሩት፤ ካቃጠለ ትንሽ ይብረድ። ከዚያ በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ 15 ደቂቃ ያህል ጨመቅ ለቀቅ አድርጉት።

ሙቀቱ የደረቀውን ጡንቻ ያላላል፣ ደምም ወደ ቦታው በደንብ ይደርሳል። ሩዙ ደግሞ እንደ አሸዋ በጣቶቻችሁ መካከል እየገባ ይሞላል፤ ሙቅ ውሃ የያዘ ጠርሙስ ይህን አያደርግም። ያው ሩዝ ደጋግሞ ያገለግላል፣ ለምግብ ብቻ አትመልሱት።

መገጣጠሚያው ቀልቶ፣ አብጦና ግሎ ከሆነ ግን ሙቀቱን ተዉት፤ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ይሻላል። ስኳር ኖሮባችሁ እጃችሁ የሚደነዝዝ ከሆነም ሳይታወቃችሁ ሊያቃጥላችሁ ይችላልና ይቅርባችሁ። ሐኪም ያዘዘላችሁን መድኃኒት በዚህ ብላችሁ እንዳታቋርጡ፤ ካልሲው ድርቀቱን ያላላል እንጂ በሽታውን አያቆምም።