ከቅዱስ ቁርባን በፊት በአዲስ መደነቅ እንዴት እንደሚጸለይ

ቅዱስ ቁርባንን ለዓመታት የተቀበለ ሰው የሚነበበውን ክፍል በቃሉ ያውቀዋል። ችግሩም ከዚያ ይጀምራል፤ ጆሮ የለመደው ነገር ልብን ሳይነካ ያልፋል። ብዙዎች ይህን ለማስተካከል ስሜትን በግድ ለመቀስቀስ ይሞክራሉ። እንባ ይጠብቃሉ፣ እንባው ሲቀር ደግሞ ጸሎታቸው ያልተሰማ ይመስላቸዋል። ዓይን ስሜቱን ሲከታተል ሰጪውን ይረሳል፤ የሚያስደንቀው ግን እርሱ ነው።

ዝግጅቱ በዋዜማው ምሽት ይሁን። 20 ደቂቃ ይበቃል። ስልክዎን ከክፍሉ ያውጡና የታተመ መጽሐፍ ቅዱስ ይያዙ፤ አንድ መልእክት ብቅ ካለ የተሰበሰበ ሐሳብ ይበተናል። ለስለስ ያለ ሙዚቃም አይክፈቱ፤ ልብን ዜማው ይይዘውና ቃሉ ወደ ኋላ ይቀራል።

ሉቃስ 22፥14-20ን ድምፅዎን አውጥተው አንድ ጊዜ ያንብቡ። ማቴዎስ 26፣ ማርቆስ 14 እና 1ኛ ቆሮንቶስ 11ም ስለዚያው ምሽት ይናገራሉ፤ አራቱን በአንዴ ማነጻጸር ግን ጸሎቱን ጥናት ያደርገዋል። ሉቃስን የመረጥነው በቁጥር 15 ምክንያት ነው፤ ጌታ ይህን ፋሲካ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ሊበላ «እጅግ እመኝ ነበር» ይላል። ወደ ማዕዱ ለመቅረብ ከመፈለጋችን በፊት እርሱ ፈልጎናል። እዚህ ላይ ቆመው «ጌታ ሆይ፣ እኔንም ትጠብቀኛለህ?» ብለው ይጠይቁትና ጥቂት ዝም ይበሉ።

አስቸጋሪው ክፍል ቁጥር 19 ነው። አራት ግሦች አሉ፦ አነሣ፣ አመሰገነ፣ ቆረሰ፣ ሰጠ። ለእያንዳንዱ 3 ደቂቃ ያህል ይስጡ። «አነሣ» ሲሉ ያነሣው በገበታው ላይ የነበረውን እንጀራ መሆኑን ያስቡ፤ የራስዎን የሳምንት ድካምም በስሙ እየጠሩ በእጁ ያኑሩ። «አመሰገነ» ላይ አይቸኩሉ። ምስጋና የሚለው የግሪክ ቃል፣ ኤውካሪስቲያ፣ የቁርባኑ መጠሪያ ሆኗል፤ ያ ምስጋና የቀረበውም አልፎ በሚሰጥበት ሌሊት ነው። «ቆረሰ» ላይ ቃል ካጡ ዝምታ ይበቃል።

«ሰጣቸው» ሲደርሱ፣ ለማን? ብለው ይጠይቁ። ጥቂት ቁጥሮች ወረድ ብለው ሲያነቡ መልሱ ያስደነግጣል። በቁጥር 21 የአሳልፎ ሰጪው እጅ በማዕዱ ላይ ነው፤ በቁጥር 24 ደቀ መዛሙርቱ ማን ታላቅ እንደሆነ ይከራከራሉ፤ በቁጥር 34 የጴጥሮስ ክህደት አስቀድሞ ይነገራል። እንጀራው የተሰጠው ለእነዚህ ነው። ከዚያ በቁጥር 19 «ስለ እናንተ» የሚለውን «ስለ እኔ» ብለው አንድ ጊዜ ይጸልዩት፣ ግን እዚያ አይቅሩ፤ ቃሉ ብዙ ቁጥር ነው። በማዕዱ አብሮዎት የሚቆመውን፣ በተለይም የተቀየሙትን ሰው፣ በስሙ ጠርተው «ስለ እርሱም» ይበሉ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። ስሙ ከአፍዎ አልወጣ ካለ፣ ጸሎቱን በሌላ ቃል ከማርዘም ይልቅ ጠዋት ሄደው ይታረቁ።

ራስን መመርመርም ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እንዲህ ነው፤ ሰው ኃጢአቱን ሲቆጥር አምሽቶ መቅረቡን ይተዋል። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 11 «ሰው ግን ራሱን ይፈትን» ካለ በኋላ ወዲያው «ይብላ» ይላል። የቆሮንቶስ ሰዎች ጥፋት አንዱ ሲራብ ሌላው መስከሩ፣ ማለትም ወንድምን መናቃቸው ነበር። ስለዚህ ምርመራው ያንንም ይንካ፣ ንስሐና ዝግጅት በቤተ ክርስቲያንዎ ሥርዓት ይሁን፤ ሲያበቃም ምሕረትን ይለምኑና ይዝጉት።

በዕለቱ ከአራቱ ግሦች አንዱን ብቻ ይዘው ይሂዱ። በሥርዓቱ መካከል ረጅም የግል ጸሎት መጀመር ከጉባኤው ይነጥላል። ሐሳብዎ ሲባዝን ያችን ቃል ይድገሟት።

ከተቀበሉ በኋላ ወዲያው ወሬ አይጀምሩ። 5 ደቂቃ በዝምታ ያመስግኑ፤ ማታ ደግሞ ሉቃስ 24፥30-31ን ያንብቡ። ከትንሣኤው በኋላ በኤማሁስ መንደርም ከሁለት ደቀ መዛሙርት ጋር ተቀምጦ አነሣ፣ ባረከ፣ ቆረሰ፣ ሰጣቸው፤ ዓይናቸውም ተከፈተ።