የሮም የብር ሳንቲም የየትኛው ንጉሠ ነገሥት እንደሆነ እንዴት ይለያል?

ሳንቲሙ እጃችሁ እንደገባ አትፈትጉት። አሲድና የብር ማጽጃ የፊደሉን ጫፍ ይበላሉ፤ ባለቤቱን የሚነግራችሁ ደግሞ ፊደሉ ነው። ቆሻሻ ካለው የተጣራ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ ይበቃል።

ቀጥሎ መዝኑት። የኩሽና ሚዛን አይረባም፤ 0.01 ግራም የሚለይ የወርቅ ቤት ሚዛን ፈልጉ። ዴናሪየስ የሚባለው ዋነኛው የሮም የብር ሳንቲም ወርዱ 18 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በአውግስጦስ ዘመን 3.9 ግራም ግድም ይመዝን ነበር፤ ኔሮ በ64 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከቀነሰው ወዲህ 3.4 ግድም ሆነ። በጣም ከቀለለና ጠርዙ ላይ መዳብ ብቅ ካለ በብር የተለበጠ ሐሰተኛ ሳይሆን አይቀርም። የሮም ሳንቲም በመዶሻ ተመትቶ ነው የሚወጣው፤ ጠርዙን የሚዞር ስፌት መሳይ መስመር ካያችሁ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ቅጂ ነው።

በንጉሡ ራስ ላይ ያለው አክሊል ጨረር ካለው ሳንቲሙ ንጉሠ ነገሥት ካራካላ በ215 ያስጀመረው አንቶኒኒያኑስ የሚባል ሌላ ዓይነት ሳንቲም ነው። የቅጠል አክሊል ከሆነ ዴናሪየስ በሉት።

አስቸጋሪው ንባቡ ነው። መብራቱን ከጎን ዝቅ አድርጉና ሳንቲሙን ቀስ እያላችሁ አዙሩት፤ ከላይ የሚወርድ ብርሃን ያለቀ ፊደል ያጠፋል። ጽሑፉ አብዛኛውን ጊዜ ከግራ በታች ተነስቶ እንደ ሰዓት ዘንግ ይዞራል። በላቲኑ ጽሑፍ «ዩ» (U) የለም፣ በቦታው «ቪ» (V) ነው የሚቀረጸው። ግሪክኛ ከሆነ የምሥራቅ አውራጃዎች ወይም የአክሱም ሊሆን ይችላል፤ ግዕዝ ከሆነ የአክሱም ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «አንቶኒኑስ» ላይ ነው፤ በስሙ የተጠቀሙት ብዙ ናቸው። ስለዚህ የቃላቱን ቅደም ተከተል እዩ። «አንቶኒኑስ አውግ ፒዩስ» (ANTONINVS AVG PIVS፤ «አውግ» አውግስጦስ የሚለው የንጉሠ ነገሥት ማዕረግ ምኅጻር ነው) ካለና ፊቱ ጺማም ጎልማሳ ከሆነ አንቶኒኑስ ፒዩስ ነው (138–161)። «አንቶኒኑስ ፒዩስ አውግ» ካለ ካራካላ ነው፤ «ብሪት» (BRIT) ወይም «ጌርም» (GERM) የሚሉት የድል ማዕረጎች ምኅጻር ከተከተለው ጥርጥር የለውም። ይኸው ጽሑፍ በ«ኢምፕ» (IMP፣ ኢምፔራቶር የሚለው ማዕረግ ምኅጻር) ከጀመረ ግን ኤላጋባሉስ ነው (218–222)። መጀመሪያው ተፍቆ ከሆነ አትቸኩሉ፤ ጀርባውን ገልብጡና ከምስሉ ጎን ኮከብ ፈልጉ። ኮከቡ ካለ ሚዛኑ ወደ ኤላጋባሉስ ያደላል።

ዓመቱን ለማግኘት ከ«ቲ አር ፒ» (TR P፣ የንጉሡ የትሪቡን ሥልጣን ምኅጻር) ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንብቡ፤ በየዓመቱ ስለሚጨምር ከሁሉ የሚታመነው እሱ ነው። ቁጥር ከሌለው «ኮስ» (COS፣ ቆንስል የሚለው ከፍተኛ ሹመት ምኅጻር) ይቀራል፤ የዚህ ቁጥር የሚጨምረው ንጉሡ እንደገና ቆንስል ሲሆን ብቻ ነው። የትራያኖስ «ኮስ» 5 ከ103 እስከ 111 ይዘልቃል። ሐድሪያኖስ በ119 ሦስተኛውን ይዞ እስከሞተበት 138 አልጨመረም፤ በእሱ ሳንቲም ላይ «ፒ ፒ» (P P፣ «የአገር አባት» የሚለው ማዕረግ ምኅጻር) ካለ በአብዛኛው ከ128 ወዲህ የተመታ ነው።

በመጨረሻ ያነበባችሁትን የአሜሪካ ኑሚስማቲክ ሶሳይቲ (የሳንቲም ጥናት ማኅበር) በኢንተርኔት በነጻ በከፈተው የሮም ሳንቲም ማውጫ (OCRE) ላይ ፈልጉ። ከጀርባው ጽሑፍ ጀምሩ፤ ያልተነበበውን ፊደል በግምት አትሙሉት።