በአሜሪካ የሕዝብ ጤና መኮንኖች ጓድ በቴራፒስትነት ለማገልገል ሲታሰብ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከተከፈተባት ጊዜ ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታፈራ የኖረች ከተማ ናት። ዛሬ ከዩኒቨርሲቲዋ በፊዚዮቴራፒ ተመርቀው ዲቪ የደረሳቸው አንዳንድ ወጣቶች የደንብ ልብስ ለብሰው ስለሚያገለግሉት የአሜሪካ የሕዝብ ጤና መኮንኖች ሲጠያየቁ ይሰማል። የሚጠያየቁት ግን ስለ ደመወዙ ነው፤ ብዙውን ሰው ከደጃፍ የሚመልሰው መመዘኛው ሆኖ ሳለ።

የመጀመሪያው ስህተት ጓዱን ከጦር ሠራዊቱ ጋር ማምታታት ነው። «የአጎቴ ልጅ በግሪን ካርድ ወታደር ሆኗል፤ እኔስ ምን ይከለክለኛል?» የሚል ሰው አይጠፋም። የአጎቱ ልጅ በእርግጥም ተቀጥሮ ይሆናል፤ ቋሚ ነዋሪ በተራ ወታደርነት መቀጠር ይችላልና። ይህ ጓድ ግን በአሜሪካ የጤና ሚኒስቴር ሥር የሚገኝ፣ መሣሪያ የማይታጠቅና አባላቱ በሙሉ መኮንኖች የሆኑበት አገልግሎት ስለሆነ ያለ አሜሪካ ዜግነት አይገባበትም። በሌላ በኩል በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ያጣል፤ ስለዚህ ጉዳዩ ማመልከቻ ከመሙላት በፊት ከቤተሰብ ጋር ሊመከርበት የሚገባ ነው።

ሁለተኛው ዕድሜን አለማስላት ነው። ዕጩው ሲሾም 44 ዓመት ያልሞላው መሆን አለበት፤ ቀደም ሲል በደንብ ልብስ ያገለገለ ሰው የአገልግሎቱ ዘመን ሊታሰብለት ይችላል። በ38 ዓመቱ አሜሪካ የገባ ሰው ለዜግነት ለማመልከት በመደበኛው መንገድ 5 ዓመት መጠበቅ ስላለበት 43 ይሞላዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው የጤና ምርመራና የማንነት ማጣራት ጊዜ እንደሚወስድ ሲታሰብ፣ «መጀመሪያ ልደላደል» ብሎ እዚያ የሚጠበቅበትን ትምህርት ማቆየቱ ብቻውን በሩን ሊዘጋበት ይችላል።

ሦስተኛውና በእኔ አመለካከት ከሁሉም የከፋው፣ የሙያ ፈቃድን እና ዲግሪን እንደ አንድ ነገር መቁጠር ነው። በውጭ አገር የተማረ ፊዚዮቴራፒስት የትምህርት ማስረጃውን በኮርስ ደረጃ አስመዝኖ፣ የእንግሊዝኛ ችሎታውን አሳይቶና ብሔራዊውን ፈተና አልፎ ከአንድ ግዛት የሥራ ፈቃድ ሊያገኝ ይችላል፤ ይህም በሆስፒታል ለመቀጠር ያበቃዋል። ጓዱ ግን ከፈቃዱ በተጨማሪ ዲግሪው ራሱ በሙያው የአሜሪካ አክሬዲቴሽን (የትምህርት ጥራት ማረጋገጫ) አካል ዕውቅና ካለው ፕሮግራም የተገኘ እንዲሆን ይጠይቃል። ስለዚህ ከጎንደር የተገኘው ዲግሪ የቱንም ያህል የተመሰገነ ቢሆን፣ እዚያ በሚሰጠው የዶክትሬት ፕሮግራም፣ ይኸውም 3 ዓመት ገደማ በሚፈጀው፣ እንደገና መማርን ከመጀመሪያው በዕቅድ ውስጥ ማስገባት ብልህነት ነው። ፈቃዱን በተመለከተ የአንድ ግዛት ፈቃድ ይበቃል፤ ነገር ግን ያልታገደና ገደብ ያልተጣለበት መሆን አለበት።

አራተኛው ከመነሻው እዚሁ ጎንደር ላይ የሚፈጸም ነው። በዲግሪው ላይ «ገ/መድኅን»፣ በፓስፖርቱ ላይ «ገብረመድኅን»፣ በትራንስክሪፕቱ ላይ ደግሞ የአያት ስም የቀረ እንደሆነ፣ አንዱ ሰው በአሜሪካዊ መዝገብ ቤት ዓይን ሦስት ሰው ይሆናል። የልደት ቀንም ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲዛወር በአንድ ዓመት ከተዛባ፣ ዕድሜ በሚቆጠርበት መመዘኛ ላይ ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ይህ ሁሉ ከሬጅስትራር ጋር በአካል ተገኝቶ ሲያስተካክሉት ቀላል ነው፤ ባሕር ከተሻገሩ በኋላ ግን ውክልና፣ ወኪልና ወራት ይጠይቃል።

በመጨረሻም የሥነ ልቦና አማካሪዎች «ቴራፒስት» በሚለው ዘርፍ እንዳያመለክቱ። ይህ ዘርፍ ለፊዚዮቴራፒ፣ ለኦኩፔሽናል ቴራፒ (የዕለት ተዕለት ተግባርን የማከናወን ችሎታ ለሚመልስ ሕክምና)፣ ለንግግር ሕክምናና ለኦዲዮሎጂ (ለመስማት ችግር ሕክምና) ባለሙያዎች የተለየ ነው፤ የክሊኒካል ሳይኮሎጂና የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዎች የሚመደቡት በጤና አገልግሎት ዘርፍ ነው።